ሙስሊሞቹ የሲክ ዘማሪዎች፦ የፑንጃብ ረባቢዎች የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች በመንፈሳዊ ዜማ ለማቀራረብ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው የአንድ ምሽት መድረክ ነው። አንዱ ቡድን ዘምሮ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ። መድረኩ መልካም ነው። በማግስቱ ግን ማን ከማን ጋር ምን እየሠራ እንደሚቀጥል አይነግረንም።

እዚህ የሚቀርበው ጉዳይ ሌላ ዓይነት ነው። ዛሬ በሕንድና በፓኪስታን መካከል በተከፈለችው በፑንጃብ ምድር ሙስሊም የሆኑ የሙዚቃ ቤተሰቦች ከሲክ እምነት ጅማሬ አንስቶ እስከ 1947 ድረስ የሲኮችን መንፈሳዊ ዝማሬ በሲኮች ጉባኤ ፊት ሲያዜሙ ኖረዋል። ለበዓል የተጠሩ እንግዶች አልነበሩም፤ የየዕለቱ አምልኮ ሠራተኞች ነበሩ። ረባቢዎች ይባላሉ። ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየው ይህ ግንኙነት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተቋረጠ። ያን ያህል የቆየበትንና እንዲያ በፍጥነት የተቆረጠበትን ምክንያት ጎን ለጎን ማየት፣ ስለ ዜማ ኃይል በየመድረኩ ከሚነገረው ይልቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የጥንቶቹን ሰዎች በስማቸው እጠራለሁ፤ በቅርብ ዘመን የኖሩትን ዘማሪዎችና ቤተሰቦቻቸውን ግን ስም አልጠቅስም።

ዳራ

የሲክ እምነት መሥራችና የመጀመሪያው ጉሩ (መንፈሳዊ መሪ) የሆኑት ጉሩ ናናክ በ1469 ታልዋንዲ በተባለች መንደር ተወለዱ። ቦታዋ ዛሬ ናንካና ሳሂብ ተብላ በፓኪስታን ውስጥ ትገኛለች። በረጅም ጉዟቸው አብረዋቸው ከነበሩት ሁሉ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የዚያችው መንደር ሰው ማርዳና ናቸው። ማርዳና ሙስሊም ነበሩ። የመጡት ሚራሲ ከሚባለው ወገን ነው። ሚራሲዎች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እየተቀባበሉ፣ የባለጸጎችን የዘር ሐረግ እየቆጠሩና እያወደሱ የሚተዳደሩ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሙዚቃቸው ይወደዳል፣ እነሱ ግን ዝቅ ተደርገው ይታያሉ።

በሲክ ትውፊት መሠረት፣ ናናክ ቃሉ ሲመጣላቸው ማርዳና ረባቡን እንዲያነሱ ይጠይቋቸዋል። ማርዳና ይመታሉ፣ ናናክ ያዜማሉ። ረባብ ሆዱ በቆዳ የተለበጠ፣ በመምቻ የሚመታ የክር መሣሪያ ነው። ከማርዳና በኋላ በጉሩዎቹ ጉባኤ ያገለገሉ ሙስሊም ዘማሪዎች ረባቢ ተብለው የተጠሩት በዚሁ መሣሪያ ነው።

አምስተኛው ጉሩ፣ ጉሩ አርጃን፣ በ1604 የእምነቱን ቅዱስ መጽሐፍ አጠናቅረው በአምሪትሳር ሀርማንዲር ሳሂብ ውስጥ አኖሩት። ሕንጻው ዛሬ በዓለም ዘንድ ወርቃማው ቤተ መቅደስ በሚል ስም ይታወቃል። መጽሐፉ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይባላል፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው መደበኛ ኅትመት 1430 ገጽ አለው። የመጽሐፉ አብዛኛው ክፍል የተደራጀው በርዕሰ ጉዳይ ወይም በደራሲ ሳይሆን በዜማ ስልት ነው። ራጋ የሚባሉ 31 ዋና ዋና የዜማ ስልቶች አሉት፤ ከእያንዳንዱ መዝሙር ራስጌ መዝሙሩ የሚዜምበት ራጋ ተጽፏል። ስለዚህ መጽሐፉ ማንበብ ብቻ የሚችል ሰው አይበቃውም። ራጋን በሚገባ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋል፣ በዚያን ጊዜ በፑንጃብ ይህን ሙያ ከያዙት መካከል ደግሞ ሙስሊሞቹ ሚራሲዎች ነበሩ።

ከደራሲዎቹ መካከልም ሙስሊሞች አሉ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞቱት፣ መካነ መቃብራቸው በፓክፓታን የሚገኘው የሱፊ ሊቅ ሼኽ ፋሪድ ስንኞች በመጽሐፉ ውስጥ ተካተዋል። በሙስሊም ሸማኔ ቤተሰብ ያደጉት የካቢርም እንዲሁ። አንድ ረባቢ የፋሪድን ስንኝ በሀርማንዲር ሳሂብ ሲያዜም፣ የራሱን እምነት ቅዱስ ሰው ቃል በሌላ እምነት መቅደስ ውስጥ እያሰማ ነበር።

የዘመኑ ፖለቲካ ግን ለዚህ ዓይነቱ መቀራረብ የተመቸ አልነበረም። ጉሩ አርጃን በ1606 በሙጋሉ ንጉሥ በጃሃንጊር ዘመን ላሆር ላይ ተገደሉ። ዘጠነኛው ጉሩ፣ ጉሩ ቴግ ባሃዱር፣ በ1675 በአውራንግዜብ ትእዛዝ ዴልሂ ላይ አንገታቸው ተቀላ። ገዳዮቹ ሙስሊም ነገሥታት ነበሩ፤ በተገደሉት ጉሩዎች ጉባኤ የሚዘምሩትም ሙስሊሞች ነበሩ። የረባቢዎቹ ሐረግ በዚህ ሁሉ መካከል አልተበጠሰም። ጉዳዩን ለመመርመር ከገፋፉኝ ነገሮች ትልቁ ይህ ነው።

አሠራሩ

በሀርማንዲር ሳሂብ ዝማሬ የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ እስከ ማታም እምብዛም አይቋረጥም። ቀኑ በተራ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ተራ የራሱ ሰዓት፣ ለሰዓቱ የሚገባ ራጋና የተመደበ የዘማሪ ቡድን አለው። ንጋት ላይ በአሳ ራጋ የተደረሰው ረጅም ዝማሬ ይቀርባል፤ የምሽቱ ተራ የራሱ መዝሙሮች አሉት። ከ1947 በፊት እነዚህን ተራዎች የሚካፈሉት ራጊ የሚባሉት የሲክ ዘማሪዎችና ረባቢዎቹ ነበሩ።

ይህ የተራ ድልድል የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የግንኙነቱ አከርካሪ እሱ ነበር ባይ ነኝ። ረባቢው ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣው ስለ መቻቻል ሊመሰክር አልነበረም፤ ሥራው ስለሆነ ነው። ቢታመም ልጁ ወይም ወንድሙ ይተካዋል። ቢሳሳት ጉባኤው ያውቅበታል፣ ከምእመናኑ ብዙዎቹ ቃሉን በቃላቸው ይዘውታልና። ጥሩ ከዘመረ ስሙ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ እንደ ፓቲያላ ያሉ የመሳፍንት ቤቶች ሳይቀሩ ይጠሩታል። ሲኩ ረባቢውን በየቀኑ የሚመዝነው በዜማው ንጽሕና፣ በቃል አጠራሩና በሰዓት አክባሪነቱ ነበር። ሃይማኖቱ የታወቀ ነው፤ የየዕለቱ መነጋገሪያ ግን አይደለም።

መተዳደሪያው ከምእመናን መባ ከሚደርሰው ድርሻ ይመጣል። ልጆቹም ሙያውን የሚወርሱት እንጀራቸው ስለሆነ ነው። ትምህርቱ ካፍ ወደ ጆሮ ነበር፤ በጽሑፍ የሰፈረ ኖታ አልነበረም። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ አንዱን ዜማ እስኪዋሐደው ይደጋግማል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራል። ለትውልድ የሚተላለፈው ራጋው ብቻ አይደለም። የትኛው ቃል ላይ እንደሚረዘም፣ መመለሻው ስንኝ የት እንደሚገባ፣ ጆሪ የሚባለው ጥንድ ከበሮ መቼ ከፍ መቼ ዝቅ እንደሚል አብሮ ይተላለፋል። የሲክ ራጊዎችም ከረባቢ መምህራን ተምረዋል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አምሪትሳር ውስጥ በነበረ የሲክ ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ የዜማ መምህር ሆኖ ያስተማረ ረባቢ ነበር፤ ከዚያ የወጡ የሲክ ልጆች በኋላ ስመ ጥር ራጊ ሆነዋል።

የእምነቱ ጥያቄስ? ሲኮች የሚያመልኩት አንድ፣ ቅርጽ የሌለው ፈጣሪን ነው፤ መጽሐፋቸውም የሚከፈተው በአንድነቱ ነው። በሀርማንዲር ሳሂብ የሚሰገድለት ምስል የለም። ስለዚህ ሙስሊሙ ዘማሪ በአፉ የሚያወጣው ቃል ከአላህ አንድነት ጋር አያጣላውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ረባቢዎቹን ያኖራቸው ዜማው ማማሩ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙ ህሊናቸውን አያስጨንቅም ነበር። የግጥሙ ይዘት የአንዱን ወገን ዶግማ የሚያውጅ ቢሆን ኖሮ ራጋው ምንም ያህል ቢመስጥ አራት መቶ ዓመት ባልተዘለቀ።

ነገሩን ከሚገባው በላይ ማሳመር ግን ተገቢ አይደለም። ረባቢው የሚከበረው በመቅደሱ ውስጥ ነው፤ ከበር ሲወጣ ሚራሲነቱ ይጠብቀዋል። ሚራሲ የሚለው ስም በፓኪስታን ዛሬም እንደ ስድብ ያገለግላል። በዝማሬው ጉዳይ የሚወስኑት ሌሎች ነበሩ፤ እሱ አገልጋይ እንጂ ባለ ድምፅ አልነበረም። የዚህ መዘዝ የታየው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጠብ

ግንኙነቱ ገና በጧቱ አንድ ትልቅ ጠብ ገጥሞት ነበር። ሳታና ባልዋንድ የተባሉ ሁለት ረባቢዎች በጉሩ አርጃን ዘመን ያገለግሉ ነበር። ትውፊቱ እንዲህ ይላል፦ ለቤተሰባቸው ሠርግ የአንድ ቀን መባ እንዲሰጣቸው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። የዚያ ቀን መባ ግን ከጠበቁት በታች ሆነ። ተቆጥተው መምጣት አቆሙ፤ ያለ እኛ ጉባኤው ምን ይሆናል ብለውም ተናገሩ። ጉሩ አርጃን መልእክት ላኩባቸው፣ እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ጉሩው ሲኮች ራሳቸው መሣሪያ አንስተው እንዲዘምሩ አዘዙ። ሁለቱ ረባቢዎች ውለው አድረው ተጸጸቱ፣ በአማላጅ ታረቁና ተመለሱ። በራምካሊ ራጋ የደረሱት የውዳሴ ግጥምም በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ይነበባል፣ ይዜማል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። የጠቡ መነሻ ሃይማኖት አልነበረም፤ ገንዘብና ክብር ነበር። በእምነቶች መካከል በሚደረግ ትብብር ውስጥ ጠብ ሲነሳ ወዲያው ወደ ሃይማኖት መሮጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥሩ ክፍያና አድናቆት ላይ ነው። ሌላው፣ መፍትሔው በራሱ አዲስ ነገር ወለደ። ከዚያ በኋላ የሲክ ዘማሪዎች ከረባቢዎቹ ጎን ለጎን ቆሙ። ለጊዜው ይህ የሚያስደስት ሚዛን ነበር። ረባቢው ግን ከእንግዲህ የማይተካ አይደለም። ይኸው ሁለተኛ መስመር ከብዙ ዘመን በኋላ ዜማዎቹን ከመጥፋት አተረፈ፤ የረባቢዎቹን መቅረት ያስቻለውም እሱው ነው።

ችግሩ፦ ደንብና ድንበር

ግንኙነቱን ያቋረጡት ሁለት ነገሮች በመነሻቸው አይገናኙም፤ በአንድ ዘመን ግን ተገጣጠሙ።

የመጀመሪያው ከውስጥ መጣ። በ1873 አምሪትሳር ላይ የተጀመረው የሲንግ ሳባ ንቅናቄ የሲክ እምነት ከሌሎች ተለይቶ በራሱ እንዲታወቅ ይሻ ነበር። በ1905 በሀርማንዲር ሳሂብ ቅጥር ግቢ የነበሩ የሂንዱ ምስሎች ተነሡ። በ1920 ቤተ መቅደሶቹን የሚያስተዳድር የሲኮች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1925 በሕግ ጸና። ኮሚቴው ያዘጋጀው የሲክ ሥነ ሥርዓት ደንብ ተጠናቆ በ1945 ጸደቀ። በደንቡ መሠረት በጉባኤ መካከል ዝማሬ ማቅረብ የሚችለው ሲክ ብቻ ነው።

ይህን ደንብ ያወጡትን ሰዎች እንደ ጠባብ አድርጎ መሳል ቀላል ነው። እኔ አላደርገውም። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ሕዝቡን በየሃይማኖቱ በሚቆጥርበት፣ እምነት ለመቀመጫና ለመብት መሠረት በሆነበት ዘመን፣ ቁጥሩ ያነሰ ማኅበረሰብ ድንበሩን ማጥበቁ የሚገባ ነገር ነው። ቤተ መቅደሶቻቸው ለረጅም ጊዜ በሌሎች እጅ ተይዘው ነበር። ከዚያ የወጣ ሰው በሩን ሲዘጋ ከማን እንደዘጋው ሁልጊዜ አያጣራም። ረባቢዎቹ የደንቡ ዒላማ ነበሩ ብዬ አላምንም፤ ማንም ሳይለይ በተጻፈው አረፍተ ነገር ስር ግን ወደቁ።

ሁለተኛው ከውጭ መጣ። በነሐሴ 1947 የብሪታንያ ሕንድ ለሁለት ተከፈለች። ፑንጃብ ራሷ ለሁለት ተቆረጠች፤ ድንበሩ በይፋ የተነገረው ነጻነቱ ከታወጀ በኋላ ነው። አምሪትሳር ሕንድ ውስጥ፣ ላሆር ፓኪስታን ውስጥ ሆኑ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ወዲያና ወዲህ ተፈናቀለ፤ የተገደለው እጅግ ብዙ ነው። ከምሥራቅ ፑንጃብ ሙስሊሞች፣ ከምዕራቡ ሲኮችና ሂንዱዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ወጡ። ረባቢዎቹም እንደ ማንኛውም ሙስሊም ሸሹ።

በዚያ እልቂት መካከል ማሌርኮትላ የምትባል ትንሽ የሙስሊም መስፍን ግዛት በምሥራቅ ፑንጃብ እምብዛም ሳትነካ ቀረች። ምክንያቱ ሲነገር የሚጠቀሰው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የግዛቲቱ ገዢ የአሥረኛው ጉሩ፣ የጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች እንዳይገደሉ መቃወማቸው ነው። ልጆቹ አልተረፉም፤ ተቃውሞው ግን አልተረሳም። የአንድ ሰው አንድ ቀን ቃል ከተማ ሲያድን፣ የአራት መቶ ዓመት ዝማሬ ዘማሪዎቹን ማዳን አልቻለም። በጉዳዩ ውስጥ ለኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ንጽጽር ነው። የማሌርኮትላው ገዢ አደጋ ባለበት ሰዓት ወገን ለይተው ተናግረዋል፤ ዝማሬው ግን ማንንም ለማንም እንዲቆም አላስገደደም።

ከ1947 በኋላ የተሞከረው

ወደ ላሆርና ወደ ሌሎች የፓኪስታን ከተሞች የገቡት ቤተሰቦች ሰሚ አጡ። የሚያውቁት ዝማሬ በልባቸው አለ፤ በሰዓቱ የሚያዜሙበት ጉባኤ ግን በድንበሩ ማዶ ቀርቷል። ከፊሎቹ የሱፊዎችን ቀዋሊ ወደ ማዜም ዞሩ፤ ራጋውንና የድምፅ ሙያውን ይዘው ግጥሙን ቀየሩ ማለት ነው። ሌሎቹ ሙዚቃን ትተው ሌላ ሥራ ያዙ። ልጆቻቸው የማያበላ ሙያ ለመውረስ ምክንያት አልነበራቸውም። ጥቂት ቤቶች ብቻ ዜማውን በቤት ውስጥ ይዘው ቆዩ። አንዳንድ የዘር ተወላጆችም በናንካና ሳሂብ በዓላት ላይ መዘመራቸውን ቀጠሉ።

በሕንድ በኩል የሲክ ራጊዎች ከረባቢ መምህራን የተማሩትን ይዘው ቀጠሉ። በትውልድ ዘማሪ የሆነ አንድ የሲክ ቤተሰብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ዜማዎችን በኖታ አስፍሮ በዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል አሳትሟል። በዚህ መሃል የአውሮፓ መሣሪያ የሆነው ሃርሞኒየም የክር መሣሪያዎቹን ቦታ ከያዘ ቆይቶ ነበር። ሃርሞኒየም ለመሸከምም ለመማርም ይቀላል። ድምፁ ግን በቁልፍ የተወሰነ በመሆኑ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚንሸራተተውን የራጋ ጠባይ አያወጣም። በግንቦት 2022 የሲኮች ከፍተኛ መንፈሳዊ መንበር የሆነው አካል ታክት፣ ሃርሞኒየም በሦስት ዓመት ውስጥ ከሀርማንዲር ሳሂብ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ የክር መሣሪያዎች እንዲመለሱ ጠየቀ። ረባብን ለመመለስ ሲታሰብ ረባቢን የመመለስ ጥያቄ አብሮ አለመነሳቱ የሚያስገርም ነው።

በ2000ዎቹ ደግሞ ላሆር ይኖሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ረባቢ ወደ ሕንድና ወደ ምዕራብ አገሮች ተጋብዘው ዘመሩ። አጥኚዎች ድምፃቸውን ቀረጹ፤ ወጣት የሲክ ተማሪዎች ከእግራቸው ስር ተቀምጠው ተማሩ። አባቶቻቸው በዘመሩበት በሀርማንዲር ሳሂብ ግን መዘመር አልተፈቀደላቸውም፤ ደንቡ ለሲክ ብቻ ይላልና። የሕንጻው አራት በሮች በአራቱም አቅጣጫ ክፍት ናቸው። ማንም ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ ይገባል፤ በነጻ ማዕዱም ይቀመጣል። አዛውንቱም መግባትና መስማት ይችሉ ነበር። የተከለከለው አፍ መክፈት ነው።

ክልከላው ሙስሊምን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በዚሁ መቅደስ የሲክ ሴቶችም እንዲዘምሩ የሚጠይቅ ክርክር አለ፤ የሕንዷ ፑንጃብ ምክር ቤት በ2019 ይህን የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። ማን ይዘምር የሚለው ጥያቄ በአንድ በኩል ሲከፈት በሌላውም መነሳቱ አይቀርም።

በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 2019፣ የጉሩ ናናክን 550ኛ ልደት ምክንያት በማድረግ የካርታርፑር መተላለፊያ ተከፈተ። ካርታርፑር ጉሩ ናናክ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉባትና ያረፉባት፣ ከድንበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃ በፓኪስታን የምትገኝ ስፍራ ናት። መተላለፊያው የሕንድ ምእመናን ያለ ቪዛ ደርሰው እንዲመለሱ ታስቦ ተሠራ። መንገዱ ግን በ2020 በወረርሽኝ፣ በ2025 ደግሞ በመንግሥታቱ ግንኙነት መሻከር ምክንያት ስለተዘጋ ለዘላቂ ትምህርት የሚታመን አልሆነም።

የሠራውና ያልሠራው

ዜማውን በማትረፍ ረገድ የተሻለ ውጤት የሰጠው የሁለቱ ወገን መምህርና ተማሪ መሆን ነው። ረባቢዎች ሲኮችን ባያስተምሩ ኖሮ በ1947 የሚጠፋው ብዙ ዘመን የተከማቸ ዕውቀት ነበር። የድምፅ ቀረጻው ረድቷል፣ ሆኖም አብዛኛው የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የቀሩት ጥቂት አዛውንቶች ሲሆኑ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሸክላ የተቀረጹ ረባቢዎችም አሉ። አንድ ሸክላ ግን የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሙሉ የንጋት ዝማሬ አይገባበትም።

ሰዎቹን በማቆየት ረገድ የተሳካ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለአዛውንቱ የተዘረጋው ግብዣና ጭብጨባ የልጆቻቸውን ሙያ አልመለሰም። ቀድሞ ረባቢውን ያኖረው ሽልማት አልነበረም። ነገም ከነገ ወዲያም የሚጠብቀው ሰዓትና ከመባው የሚደርሰው ድርሻ ነበር፤ ይህን የተካ ነገር እስካሁን አልመጣም።

የእርቅ መሣሪያ በመሆን ረገድ መልሱ ድብልቅ ነው። ጉሩዎቹ በሙስሊም ነገሥታት ሲገደሉ፣ ነገሥታቱ ማለት ሙስሊሙ ሁሉ እንዳልሆነ ለሲኮች በየንጋቱ የሚያስታውሳቸው ሰው በፊታቸው ተቀምጦ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1947 ግን መንደር መንደርን ሲያጠቃ፣ መቅደስ ውስጥ የሚታወቁት ጥቂት ቤተሰቦች ለሚሊዮኖች ዋስ ሊሆኑ አልቻሉም። ከዘማሪው ቤት ውጪ ያለው ሙስሊም ሕዝብና ከመቅደሱ ውጪ ያለው የሲክ ገበሬ በዝማሬው በኩል አይተዋወቁም ነበር።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

በሃይማኖቶች መካከል የዜማ ትብብር የሚያቅድ ሰው ከዚህ ጉዳይ መጀመሪያ ሊወስደው የሚገባው የግጥሙን ጥያቄ ይመስለኛል። አዘጋጆች በአብዛኛው ስለ ዜማው ይጨነቃሉ፤ ዘማሪው ግን ሌሊት የሚያስበው ከአፉ የወጣውን ቃል ነው። ሁሉም በሙሉ ልብ ሊለው የሚችለውን ክፍል መለየት፣ የማይችለውን ደግሞ ሌላው ወገን እንዲያዜመው መተው ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት መደረግ አለበት። ከሁለቱም ወገን ጽሑፎች ውስጥ የሌላውን ድምፅ የያዘ ክፍል ካለ እሱ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለረባቢዎቹ የሼኽ ፋሪድ ስንኞች ይህን ሥራ ሠርተዋል።

ሥራውን መደበኛ ማድረግ ደግሞ ከሥነ ሥርዓቱ ድምቀት ይበልጣል። በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት የሚደረግ፣ ማን መቼ እንደሚመጣ የታወቀ፣ ክፍያው በግልጽ የተነገረ ነገር ከዓመታዊ ታላቅ ጉባኤ የተሻለ ዕድሜ አለው። የክፍያውን ነገር ማፈር አያስፈልግም፤ የሳታና የባልዋንድ ጠብ ያሳየው ያልተነገረ ግምት ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው።

ውሳኔ ላይ መቀመጫ የሌለው እንግዳ አገልጋይ፣ ደንብ ሲወጣ ከደንቡ ውጪ ሆኖ ይገኛል። ረባቢዎቹ በ1945ቱ ደንብ ዝግጅት ጊዜ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ቦታ ቢኖራቸው ውጤቱ ይለወጥ ነበር ወይ የሚለውን መገመት ይቻላል፤ ቢያንስ ስለ እነሱ የሚል አንድ መስመር ይጻፍ ነበር። ዛሬ የሚመሠረት ማንኛውም የጋራ የዝማሬ ማኅበር የሁለቱንም ወገን ሰዎች በደንብ አውጪው ውስጥ ከጅምሩ ቢያስገባ ይሻላል። ነባር ልማዱንም በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል፤ ሁሉም ስለሚያውቀው መጻፍ አያስፈልግም የተባለ ልማድ አዲስ ትውልድ ሲመጣ ማስረጃ ያጣል።

በመቅደስ ውስጥ የተሠራ መቀራረብ ወደ ውጪ እንዲወጣ የታሰበበት ሥራ ይፈልጋል። ዘማሪዎቹ የሌላውን ምእመናን ልጆች ቢያስተምሩ፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ጋር በሐዘንና በደስታ ቢጠያየቅ ትውውቁ ይሰፋል። የዜማው ሰዎች ብቻ ቢዋደዱ ክፉ ቀን ሲመጣ ጥቂት ናቸው። አደጋ ሲደርስ ማን ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ የተነጋገረ ማኅበር ደግሞ ዝማሬን ብቻ ከሚለማመድ ማኅበር የተለየ አቅም አለው።

ቀረጻን በተመለከተ፣ አዛውንት መምህር ባለበት ቦታ ሁሉ ሥራው ዛሬ መጀመር አለበት፤ ከተሟላ ዝማሬው ጋር፣ ስሕተት እያረመ ሲያስተምር የሚናገረውም ጭምር። የላሆሩ አዛውንት በ2015 ሞተዋል። ከተማሪዎቻቸው ውስጥ የተቀረጸውን ድምፅ እየሰሙ ረባብ የሚለማመዱ አሉ፤ አብዛኞቹ ሲኮች ናቸው፣ የሚኖሩትም ከፑንጃብ ውጪ ነው።